አዴባዮ አኪንፌንዋ፦ ስለ «ቢስቱ» የኳስ ሕይወት ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ፕሌይስቴሽን ቤት ቁጭ ብሎ ያደገ ሰው ይሄን ስም ሳያውቀው አይቀርም፣ ፊፋ ላይ ማንም ተከላካይ ገፍቶ የማይጥለው ያ ግዙፍ አጥቂ ነው። ግን እውነተኛው ሰውዬ ማን ነው፣ የት የት ተጫወተ፣ ለምን ፕሪሚየር ሊግ ላይ አላየነውም እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔም እንግሊዝ ከመጣሁ ጀምሮ ታችኛውን ሊግ ከላይኛው አብልጬ ስለምከታተል አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ባጭሩ ማን ነው?

ሙሉ ስሙ ሳሂድ አዴባዮ አኪንፌንዋ ነው፣ ቅጽል ስሙ ደሞ «ቢስት»፣ ያው አውሬ ማለት ነው። ሜይ 10 ቀን 1982 ለንደን ኢዝሊንግተን ተወለደ፣ ቤተሰቦቹ ናይጄሪያውያን ናቸው፣ አባቱ ሙስሊም እናቱ ክርስቲያን። ከ20 ዓመት በላይ በአጥቂነት ተጫውቶ ከ200 ጎል በላይ አግብቶ 2022 ላይ በ40 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ከዛ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ፕሪሚየር ሊግ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳን አልተጫወተም።

«ታችኛው ሊግ» ስትል የትኛውን ነው?

ከፕሪሚየር ሊግ በታች ሶስት ዲቪዚዮን አለ፣ ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን እና ሊግ ቱ፣ እያንዳንዳቸው 24 ክለብ ስላላቸው ባጠቃላይ 72 ክለብ ማለት ነው። አንድ ቡድን በሊጉ ብቻ በዓመት 46 ጨዋታ ይጫወታል፣ ኤፍ ኤ ካፑና ሌላው ዋንጫ ሳይቆጠር። ቅዳሜ ተጫውተህ ማክሰኞ ማታ ደሞ አውቶቡስ ውስጥ ነህ፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሜዳው ይጨቀያል።

ከሊግ ዋን ሁለት ቡድን በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሊግ ቱ ሶስት፣ ከዛ ከስር ያሉት አራት አራት ቡድኖች ለቀረችው አንድ ቦታ በፕሌይኦፍ ይፋለማሉ፣ ፍጻሜውም ዌምብሊ ነው። ይሄን ያዙልኝ ምክንያቱም የአኪንፌንዋ ሕይወት ያለ ፕሌይኦፍ አይተረክም። ከሊግ ቱ የወረደ ክለብ ደሞ ከ72ቱ ውጪ ይሆናል፣ ብዙ ክለብ እዛ ወርዶ ተመልሶ ለመምጣት ዓመታት ፈጅቶበታል፣ ያልተመለሰም አለ።

እውነት ሊትዌኒያ ነው የጀመረው?

አዎ። በወጣትነቱ ዋትፎርድ አካዳሚ ነበር፣ እዛ አልሆነለትም። ከዛ በኤጀንቱ ትውውቅ በኩል 2001 ላይ ገና 18፣ 19 ዓመቱ እያለ ሊትዌኒያ ሄደ፣ ክላይፔዳ የምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ ላለው አትላንታስ ለሚባል ክለብ ፈረመ። ለንደን ተወልዶ ያደገ ጥቁር ልጅ፣ ቋንቋውን አያውቅ፣ ከተማው ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው የለ፣ እና ኳስ በነካ ቁጥር ደጋፊው የዘረኝነት ዘፈን ይዘፍንበታል። የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፣ የራሱ ክለብ ሰዎችም ነበሩበት።

ሻንጣውን ሸክፎ ሊመለስ እንደነበርና ወንድሙ እንዳስቆመው ራሱ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል፣ ሀሳቡ ያው ከሄድክ እነሱ አሸነፉ ማለት ነው የሚል ነበር። ቆየ። የሊትዌኒያን ዋንጫም ከቡድኑ ጋር በላ። እኔ ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ሰው አገር ብቻውን ሄዶ ክረምቱን ማሳለፍ ነው፣ በስደት ያለ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከዛ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ከየክለቡ ሲሰናበት፣ ሲተቹት፣ ውፍረቱን ሲሰድቡት የማይሰበረው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ክላይፔዳ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ስንት ክለብ ነው የቀያየረው?

ብዙ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ከሊትዌኒያ ተመልሶ 2003 ላይ ዌልስ ውስጥ ባሪ ታውን ገባ፣ እዛ ትንሽ ቆይቶ የዌልስን ሊግም ዋንጫም አነሳ፣ ግን ክለቡ ገንዘብ አልቆበት ተንኮታኮተ። ከዛ ባንድ ሲዝን ውስጥ ቦስተን ዩናይትድ፣ ሌይተን ኦሪየንት፣ ረሽደን ኤንድ ዳይመንድስ፣ ዶንካስተር ሮቨርስ። አዎ አራት ክለብ ባንድ ሲዝን። በጥቂት ወር ኮንትራት ይገባል፣ ያልቃል፣ ሌላ ይፈልጋል። 2004 ላይ ቶርኪ ዩናይትድ፣ 2005 ስዋንሲ ሲቲ፣ 2007 መጨረሻ ላይ ሚልዎል፣ 2008 ኖርዝሃምፕተን ታውን፣ 2010 ጊሊንግሃም፣ 2011 እንደገና ኖርዝሃምፕተን፣ 2013 እንደገና ጊሊንግሃም፣ 2014 ኤኤፍሲ ዊምብልደን፣ 2016 ዊኮምብ ዋንደረርስ፣ እዛው ስድስት ዓመት ተጫውቶ ጨረሰ።

ሰው ይሄን ዝርዝር ሲያይ «ተንከራታች ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም» ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ታችኛው ሊግ ላይ አብዛኛው ኮንትራት የአንድ ዓመት ወይ የሁለት ዓመት ነው፣ ጁን 30 ላይ ያልቃል። ሜይ ላይ ሲዝኑ እንዳለቀ ክለቡ የሚቀሩትንና የሚለቀቁትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያወጣል፣ ስምህ ከሚለቀቁት ውስጥ ከሆነ በቃ ሚስትና ልጅ ይዘህ በጋውን ስልክ ስትጠብቅ ነው የምትከርመው። አሰልጣኝ ሲቀየር አዲሱ አይፈልግህም፣ ክለቡ ሲወርድ በጀት ይቀንሳል፣ ቤት የተከራየህበት ከተማ በዓመቱ ሌላ ይሆናል። እና ከነዚህ ክለቦች ውስጥ ደሞ አንዳንዶቹ ራሳቸው አልቆሙም፣ ረሽደን ኤንድ ዳይመንድስ 2011 ላይ ጭራሽ ፈረሰ፣ ቦስተን ከሊጉ ወጣ፣ ቶርኪም ወጣ። ልጁ አልተንከራተተም፣ የቆመበት መሬት ነው ሲንቀሳቀስ የኖረው።

በዛ ኪሎ እንዴት ኳስ ይጫወታል?

ይሄ ነው አንደኛው ጥያቄ፣ ሁሌም። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነበር፣ ጂም ውስጥ ተጋድሞ 180 ኪሎ እንደሚያነሳ ይነገርለታል። ፊፋ ጌም ላይ ለዓመታት በጉልበት አንደኛ ነበር፣ ከ100 ወደ 97 ምናምን ነው የሰጡት፣ ፍጥነቱ ደሞ ኤሊ ነው። 2014 ላይ የፊፋ 15 ምረቃ ላይ ጠርተውት ከነ ሪዮ ፈርዲናንድ ጋር ሲታይ ነው ስሙ ዓለም ላይ የናኘው፣ አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ አንድ የሊግ ቱ አጥቂ በስም የታወቀው በዚህ ነው።

ግን ጌሙ ያልነገራችሁን ልንገራችሁ። ዊኮምብ እያለ አንድ ቅዳሜ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሜዳቸው አዳምስ ፓርክ ይባላል፣ ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት አንድ ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከኋላው ጫካና ኮረብታ። እጥፍ ብሎ ይቆማል፣ ጀርባውን ለተከላካዩ ይሰጣል፣ ከበረኛው የመጣችው ረጅም ኳስ አየር ላይ እያለች ክንዱን ዘርግቶ ተከላካዩ የት እንዳለ በእጁ ያውቀዋል፣ ከዛ ደረቱ ላይ ያበርዳታል፣ እና ማንም የማያወራው ነገር፣ የመጀመሪያ ንክኪው በጣም ለስላሳ ነው። ኳሷ እግሩ ስር ትሞታለች። ተከላካዩ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ምንም የለም፣ እሱ ዞር ሳይል ለሚሮጠው ጓደኛው በጎን ያሳልፋል። በጉልበት ብቻ ቢሆን እንግሊዝ ውስጥ ስንት ግዙፍ ሰው አለ፣ ሁሉም በ38 ዓመቱ ቻምፒዮንሺፕ አይደርስም።

በወጣትነቱ ስንት አሰልጣኝ «ለኳስ ትልቅ ነህ» እንዳለው እሱ ራሱ ያወራል። ቀንሶ የነሱን ዓይነት ተጫዋች ከመሆን ይልቅ ያንኑ ሰውነቱን መሣሪያ አደረገው። ኋላ ላይ «ቢስት ሞድ ኦን» የሚል የልብስ ብራንድ ሁሉ አወጣበት።

ከሁሉም የከፋው ጊዜ የቱ ነው?

2006 እና 2007። ስዋንሲ ላይ ሲጀምር ጥሩ ነበር፣ 2005 ኦገስት ላይ አዲሱ ሊበርቲ ስታዲየም የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ሲደረግ ትራንሜርን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው፣ ያ በክለቡ ታሪክ ውስጥ አይፋቅም። በዛው ሲዝን የታችኛው ሊግ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ካርላይልን 2 ለ 1 ሲረቱ ከሁለቱ አንዷን አገባ። ከዛ የሊግ ዋን ፕሌይኦፍ ፍጻሜ መጣ፣ ከባርንስሊ ጋር፣ ዌምብሊ ገና እየተሠራ ስለነበር ካርዲፍ ሚሌኒየም ስታዲየም ነው የተደረገው። 2 ለ 2 አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ፣ ከስዋንሲ ከሳቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ቻምፒዮንሺፕ በአንድ ምት ርቀት ላይ ነበረች፣ ሄደች። እዛ ለመድረስ ሌላ 14 ዓመት ፈጀበት።

በሚቀጥለው ዓመት እግሩ ተሰበረ። ከስዋንሲ ወጣ፣ ለስዊንደን ሊፈርም ሁሉ ነገር አልቆ ሜዲካሉን ሳያልፍ ቀረ። አስቡት፣ 25 ዓመትህ ነው፣ እግርህ ተሰብሮ ድኗል፣ ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዝውውሩ ይቀራል። ወራት ያለ ክለብ ቆየ። ሚልዎል ወሰደው፣ ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ጎል ሳያገባ ተለያዩ። እዚ ጋ ነው ብዙ ተጫዋች ኳስ የሚያቆመው፣ እውነት ለመናገር ስማቸውን የማናውቃቸው በመቶ የሚቆጠሩ እዚሁ ነው የቀሩት። 2008 ጃንዋሪ ላይ ኖርዝሃምፕተን በር ከፈተለት፣ እዛ እንደገና ጎል ማግባት ጀመረ፣ ደጋፊውም እንደ ልጁ ወደደው። ለዚህ ነው ጊሊንግሃም ሄዶ ተመልሶ የመጣው።

ደመወዙስ? ሀብታም ነው አይደል?

ሰው የእንግሊዝ ተጫዋች ሲባል ሁሉም በሳምንት መቶ ሺ ፓውንድ የሚበላ ይመስለዋል። እስከ 1961 ድረስ እኮ ማንም ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳያገኝ ጣሪያ ነበረው፣ ከተነሳ በኋላ ላይኛውና ታችኛው እየተራራቀ ነው የሄደው።

የታችኛውን ለማወቅ አንድ ቁጥር በቂ ነው። 2020 ላይ ክለቦቹ የደመወዝ ጣሪያ አወጡ፣ ሊግ ዋን ላይ በዓመት ለመላው ቡድን 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ሊግ ቱ ላይ 1.5 ሚሊዮን። ያንን የሊግ ቱውን ለ20 ተጫዋች እኩል ብታካፍሉት ለያንዳንዱ በዓመት 75 ሺ ይደርሳል፣ ይሄ ደሞ ጣሪያው እንጂ ሁሉም ክለብ የሚከፍለው አይደለም፣ እኩልም አይካፈልም፣ ታክስም አለው። ሕጉን የተጫዋቾች ማኅበሩ ተከራክሮ በ2021 ፌብሯሪ አስሽሮታል ግን ቁጥሩ መጠኑን ያሳያል። ጥሩ ደመወዝ ነው፣ አልክድም፣ ከብዙ ሠራተኛ ይሻላል። ግን 35 ላይ ያበቃል፣ በየዓመቱ ሊቋረጥ ይችላል፣ ጉልበትህ ከተጎዳ ደሞ የሚቀጥረህ የለም። አኪንፌንዋ የልብሱን ብራንድ የጀመረው ለመታየት ብቻ አይመስለኝም፣ የነገ ነገር ነው።

ሊቨርፑል ላይ ያገባው መቼ ነው?

ጃንዋሪ 5 ቀን 2015፣ ኤፍ ኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር፣ ኤኤፍሲ ዊምብልደን በሜዳው። አኪንፌንዋ ከልጅነቱ በድሮው የሊቨርፑል ተጫዋች በጆን ባርንስ ምክንያት የሊቨርፑል ደጋፊ ነው፣ ስለዚ ዕጣው ሲወጣ ያበደው እሱ ነበር። ከዛ ጨዋታ ሦስት ቀን በፊት ደሞ ስቲቨን ጄራርድ ከሊቨርፑል እንደሚለቅ አስታውቆ ስለነበር ዓለም ሁሉ እዛች ትንሽ ሜዳ ላይ አፍጥጦ ነበር።

ጄራርድ ቀድሞ አገባ። ከዛ ኮርና ተሻማ፣ የሊቨርፑሉ በረኛ ሚኞሌ ወጥቶ ኳሷን ሳታት፣ ግርግር ሆነ፣ እሱም ከቅርብ ገፋ አድርጎ አስገባት። 1 ለ 1። ሜዳው ፈነዳ። ለአንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊግ ቱ ላይ ያለ ቡድን ከሊቨርፑል ጋር እኩል ቆመ። ጄራርድ በቅጣት ምት 2 ለ 1 አደረገው፣ እንደዛው አለቀ፣ ግን አኪንፌንዋ የጄራርድን ማልያ ይዞ ወጣ። በ32 ዓመቱ ልክ እንደ ሕፃን ነበር ፊቱ።

ዋትሳፕ ላይ ሥራ የፈለገው ታሪክ እውነት ነው?

ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፣ ከሁሉም የምወደውም እሱን ነው።

መጀመሪያ ክለቡን እወቁት። የድሮው ዊምብልደን ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ ተወሰደ፣ ደጋፊው በጣም ተናደደ፣ 2002 ላይ ደጋፊዎቹ ራሳቸው አዲስ ክለብ መሠረቱ፣ ተጫዋች ለመምረጥ ዊምብልደን ኮመን የሚባለው ሰፊ መናፈሻ ላይ ሙከራ አደረጉ። በዘጠኝ ዓመት አምስት ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው 2011 ላይ ሊጉ ውስጥ ገቡ። ኤኤፍሲ ዊምብልደን ማለት ይሄ ነው።

2016 ላይ ሊግ ቱን ሰባተኛ ሆነው ጨረሱ፣ የመጨረሻዋን የፕሌይኦፍ ቦታ ይዘው። ሜይ 30 ዌምብሊ ላይ ከፕሊመዝ ጋር ተገናኙ። ላይል ቴይለር አንድ አገባ። 90ው ደቂቃ ካለቀ በኋላ በተጨመረው ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፣ አኪንፌንዋ ተቀይሮ ገብቷል። መምታት የነበረበት ሌላ ተጫዋች ነው፣ ልጁ ኳሷን ይዞ ቆሟል። አኪንፌንዋ ሄዶ ኳሷን ፈለገ፣ ተከራከሩ፣ አልለቅም አለ፣ በመጨረሻም ወሰዳት። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ 34 ዓመቱ ነው፣ ክለቡ ኮንትራቱን እንደማያድስለት ያውቃል፣ የዛን ቀን ፊሽካው ሲነፋ ሥራ የለውም። ከአሥር ዓመት በፊት ካርዲፍ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ሰው ነው ደሞ። መታ፣ ገባች፣ 2 ለ 0። ክለቡ ወደ ሊግ ዋን አለፈ፣ እዛም በዛው ዓመት ከላይ የወረደውን ያንን የሚልተን ኪንስ ክለብ እኩል ደረጃ ላይ አገኘው።

ከጨዋታው በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ማይክ ሲይዙለት ደስታውን ተናግሮ ሲጨርስ እንዲህ አለ፣ በሕግ ቋንቋ ካየነው እኔ አሁን ሥራ አጥ ነኝ፣ አሰልጣኞች ካላችሁ በዋትሳፕ አግኙኝና ሥራ ስጡኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። እኔ ሳየው ግን አላሳቀኝም፣ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ዋንጫውን እያነሳ የነገ ኪራይ የሚያሳስበው ተጫዋች በካሜራ ፊት ሲናገር ያየሁት ያኔ ነው።

እና ማን ደወለለት?

የያኔው የዊኮምብ አሰልጣኝ ጋሬዝ ኤንስዎርዝ። ፀጉሩን ያስረዘመ፣ የሮክ ባንድ ውስጥ የሚዘፍን፣ እሱም ራሱ በታችኛው ሊግ ያደገ ሰው ነው፣ ስለዚ 34 ዓመትና 100 ኪሎ አላስደነገጠውም። ዊኮምብ 2014 ላይ ከሊጉ ሊወጣ በመጨረሻው ቀን በጎል ልዩነት ነው የተረፈው፣ ብር የለው፣ ተጫዋች የለው። ሁለቱ በደንብ ተገናኙ።

2018 ላይ ወደ ሊግ ዋን ወጡ። ከዛ 2020 ላይ ኮቪድ መጥቶ ሲዝኑ ተቋረጠ፣ ደረጃው በጨዋታ በተገኘ አማካይ ነጥብ እንዲወሰን ሲደረግ ስምንተኛ የነበረው ዊኮምብ ወደ ሦስተኛ ተነሳ፣ ፕሌይኦፍ ገባ። ሌሎች ክለቦች ቅር አላቸው፣ ዕድል ነው የሚል አለ፣ እኔ ግን እዛ ከደረሱ በኋላ ያሸነፉት ሜዳ ላይ ነው እላለሁ። ጁላይ 13 ቀን ባዶ ዌምብሊ ላይ ኦክስፎርድን 2 ለ 1፣ የማሸነፊያዋን ጎል ጆ ጃኮብሰን በፍጹም ቅጣት ምት ነበር ያገባው። 1887 የተመሠረተ ክለብ በ133 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻምፒዮንሺፕ ገባ። አኪንፌንዋም በ38 ዓመቱ።

ክሎፕ እውነት መልእክት ልኮለታል?

ልኮለታል። ያኔ ክሎፕ ያሰለጥነው የነበረው ሊቨርፑል ከ30 ዓመት በኋላ ሊጉን በልቶ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር ያለፈው። አኪንፌንዋ ያንን የድሮውን ነገር አስታውሶ አሁን በዋትሳፕ ሊያገኘኝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ክሎፕ ነው፣ አብረን እናክብር አለ። ብዙም ሳይቆይ ክሎፕ የእንኳን ደስ ያለህ ቪዲዮ ላከለት፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ስልኩን ይዞ ሲጮህ የሚያሳየው አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት።

ቻምፒዮንሺፕ ላይ እንዴት ሆነ?

ወረዱ። ግን አወራረዳቸው ያሳዝናል፣ 43 ነጥብ ይዘው 22ኛ ሆኑ፣ ከላያቸው የተረፈው ደርቢ 44 ነበረው። አንድ ነጥብ። 2022 ላይ እንደገና ለመውጣት የሊግ ዋን ፕሌይኦፍ ፍጻሜ ደርሰው ዌምብሊ ላይ በሰንደርላንድ 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ ሜይ 21 ነበር፣ እሱም በዛው ኳስ አቆመ። ከዛ በፊት 2013 ላይ ደሞ ከኖርዝሃምፕተን ጋር ፍጻሜ ደርሶ በብራድፎርድ 3 ለ 0 ተሸንፏል። ዌምብሊ ላይ የሳቀባትም ያለቀሰባትም ፍጻሜ አለው።

ለናይጄሪያ ለምን አልተጫወተም?

አልተጠራም። ናይጄሪያ በዛን ጊዜ አጥቂ የሞላት አገር ነበረች፣ ሊግ ቱ ላይ ማንም አይመለከትም።

ከዚህ ሊግ ተነስቶ ላይ የደረሰ የለም እንዴ?

አለ። ጄሚ ቫርዲን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ 2012 ላይ ከሊጉ ውጪ ከነበረው ፍሊትዉድ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሌስተር ገዛው፣ 2016 ላይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሪኪ ላምበርት ደሞ ክለብ አጥቶ ቀይ ሥር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፣ ከዛ እየተነሳ እየተነሳ 2013 ላይ ለእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ ገብቶ ስኮትላንድ ላይ በመጀመሪያ ንክኪው ጎል አገባ። ደስ የሚል ታሪክ ነው ሁለቱም። ግን እነሱ ሁለት ናቸው፣ በያንዳንዱ ሲዝን በ72ቱ ክለብ ውስጥ ከሺ በላይ ሰው ይጫወታል፣ አብዛኛው እዛው ነው የሚኖረው፣ እዛው ነው የሚያረጀው። እኔ ስለ አኪንፌንዋ መጻፍ የመረጥኩት ላይ ስላልደረሰ ነው፣ ታችኛው ሊግ ላይ ሙሉ ሕይወት መኖር እንደሚቻል ስላሳየኝ።

ልጄ እንግሊዝ አገር አካዳሚ ውስጥ ነው፣ ከሱ ታሪክ ምን ይጠቅመዋል?

ይሄን እዚ ያሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ልጁ 16 ወይ 18 ላይ ሲለቀቅ እንደ ሞት አትዩት፣ አኪንፌንዋም ከዋትፎርድ ወጥቷል። ግን ትምህርቱን አያቁም፣ በምንም ዓይነት። እና ልጁ ኮንትራት ቢያገኝ ስንት ዓመት እንደሆነና ጉዳት ሲደርስ ምን እንደሚል ፊርማው ሳይወርድ አንብቡ፣ የተጫዋቾች ማኅበሩ ከ1907 ጀምሮ ያለ ነው፣ ለአባሎቹ ያማክራል።

ከየት ልጀምር፣ የቱን ጨዋታ ልይ?

የ2016ቱን የዌምብሊ ፍጻሜ። ጎሎቹን ብቻ የሚያሳየውን አጭር ቪዲዮ አትዩት፣ የተጨመረውን ሰዓት እዩት፣ የፍጹም ቅጣት ምቱ ፊሽካ ከተነፋበት ጀምሮ። አኪንፌንዋ ኳሷን ብብቱ ስር ይዞ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቷ ነጥብ ሲሄድ ከኋላው የሚመጣውን የራሱን ቡድን ልጅ ተመልከቱ፣ ከዛ ኳሷን አስቀምጦ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ፊቱን ተመልከቱ።